ለነገው ገዢ የሚመረጥ መኪና

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምናወራው ስለ መኪና ነው። ሰዎች አንዱን መኪና ትተው ሌላውን ለምን እንደሚመርጡ፣ ያ ምርጫ ደግሞ ከዘመን ዘመን ለምን እንደሚለዋወጥ እንመለከታለን። መኪና የሌላችሁ፣ ለመግዛትም ሐሳብ የሌላችሁ አድማጮች «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ ሬዲዮኑን እንዳትዘጉት አደራ። የታክሲ ሒሳብ፣ የአትክልት ዋጋ፣ አገሪቱ ለነዳጅ የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ፣ መንገድ ዳር ቆመን የምንተነፍሰው አየር ሁሉ ሌሎች ሰዎች ከመረጡት መኪና ጋር የተያያዘ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ከደላላ ጋር ሲነጋገር ልብ ብላችሁ አድምጡ። ሞዴሏ የስንት ነው ይላል፤ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች ይላል፤ ሻንሲዋ ተነክቷል ወይ ይላል። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ሥር ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፦ «ነገ ልሽጣት ብል ትሸጥልኛለች ወይ?» ደላላውም የሰውየውን ልብ ስለሚያውቅ «ይቺ እኮ ብር ናት፤ ጠዋት ብታወጣት ማታ ትሸጣለች» ይለዋል። ገዢው ገና ቁልፉን ሳይረከብ መኪናዋን በሌላ ሰው ዓይን ያያታል፤ ከእርሱ ቀጥሎ በሚገዛት፣ ስሙንም መልኩንም በማያውቀው ሰው ዓይን።

በእኔ እምነት የኢትዮጵያን የመኪና ገበያ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። «ሕዝቡ ቶዮታ ይወዳል» ብለን ብቻ ብናልፈው ምንም አልተማርንም። የሚወደው ለምንድን ነው? ትናንትስ ማንን ይወድ ነበር? ነገስ? መልሱን ለማግኘት መንገዱን፣ ጋራዡን፣ የቀረጥ ሕጉንና የብርን ዋጋ አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። የመጀመሪያው መኪና በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሊ በተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ደረሰ። ያ የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። ተራው ሰው መኪና መምረጥ የጀመረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከተማውን የሞሉት ፊያትና ቮልስዋገን ነበሩ። ቮልስን ውሰዱ። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የላትም። ራዲያተር የሌለው መኪና ዳገት ላይ ውኃ አይፈላበትም፤ ቧንቧ አይፈነዳበትም። ሞተሯ የተቀመጠው ከኋላ፣ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ስለሆነ በጭቃ መንገድ ላይ ጎማዎቿ በቀላሉ አይሽከረከሩም። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ቮልስን የመረጡት መልኳን አይተው ብቻ አይደለም። የሚወጡት ዳገት፣ የሚሄዱበት የክረምት መንገድ ራሱ መርጦላቸዋል።

ፔዦም እንደዚያው ነው። 404ም 504ም ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ጎማቸው ወደ ላይና ወደ ታች ረጅም ርቀት የሚሄድ፣ አካላቸው ጠንካራ ሆኖ የተሠሩ ናቸው። 504 በኬንያና በናይጄሪያ ለብዙ ዓመታት ሲገጣጠም የኖረውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ አገሪቱ ፊቷን ወደ ሶቪየት ኅብረት ስታዞር ላዳ ገባች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሶቪየቶች የመጀመሪያዋን ላዳ የሠሩት ከጣሊያኑ ፊያት ጋር ተዋውለው፣ በፊያት 124 ላይ ተመሥርተው ነው። ስለዚህ ፊያት ሲፈታና ሲገጥም ላደገ የአዲስ አበባ መካኒክ ላዳ ፈጽሞ ባዕድ አልነበረችም። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ለአሥርት ዓመታት ከመንገድ ሳትወጣ የቆየችው በፖለቲካ ብቻ ገብታ ቢሆን ኖሮ ፖለቲካው ሲለወጥ አብራ በጠፋች ነበር። ያቆያት ጋራዡ ነው፤ ማንም ሊጠግናት ይችል ነበር።

አሁን ወደ ቶዮታ እንምጣ። ዲኤክስ እየተባለች የምትጠራዋን ኮሮላ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ ብዬ አላስብም። ከእርሷም በኋላ የመጡት ኮሮላዎች፣ ከዚያም ቪትዝና ያሪስ፣ ለትልልቁ ሥራ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር፣ ለታክሲው ሃይኤስ። የጃፓኑ ፋብሪካ ጥሩ መኪና መሥራቱ አያከራክርም። ጥሩ መኪና የሚሠራ ፋብሪካ ግን በዓለም ላይ እርሱ ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ ቶዮታን ያነገሠው አንዱ ገዢ ሌላውን እየሳበ መምጣቱ ነው። ብዙ ሰው ስለገዛው በመኪና ዕቃ ገበያው በሶማሌ ተራ መለዋወጫው ሞላ። መለዋወጫው ስለሞላ መካኒኩ ተማረው። መካኒኩ ስላወቀው ጎንደርም ሆናችሁ ጅማ መንገድ ላይ ቢቆምባችሁ የሚያስነሣላችሁ አይጠፋም። ይህን የሚያውቅ ገዢ ደግሞ ሌላ መኪና ቢቀርብለትም ተመልሶ ቶዮታ ይገዛል። የተሻለ ምቾት፣ የተሻለ የአደጋ መከላከያ ያለው የአውሮፓ ወይም የኮሪያ መኪና በተመሳሳይ ዋጋ አጠገቡ ቆሞ ሳይነካ የሚያልፈው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ዕቃው ሲበላሽ ከየት እንደሚያመጣው፣ ሲሸጠውም ማን እንደሚገዛው ስለሚያስጨንቀው ነው።

በዚህ ላይ የዋጋ ንረት ተጨመረበት። በ2014 ዓ.ም. የዓመቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ባንክ የተቀመጠ ብር በየወሩ ሲሟሽሽ መኪና ግን ዋጋዋ ይጨምር ነበር። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫ ግቢ ከወጣችበት ደቂቃ ጀምሮ ዋጋዋ ይወርዳል። እኛ ዘንድ አምስት ዓመት የተነዳች ቪትዝ ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ ኖራለች። እንዲህ ባለ ገበያ መኪና መጓጓዣ ብቻ አትሆንም፤ የቁጠባ ደብተርም ትሆናለች። ቁጠባውን በመኪና ያስቀመጠ ሰው ደግሞ አዲስ ሞዴል፣ ያልተለመደ ቀለም፣ ያልተሞከረ ፋብሪካ አይደፍርም። ነጭና ብርማ መኪና ለምን እንደበዛ መልሱ ከዚህም በከፊል ይገኛል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ እስካሁን መንገዱንና ጋራዡን አየን። ቀጥሎ ያለው ወረቀትና እርሳስ ይፈልጋል፤ ካላችሁ አዘጋጁ። ስለ ቀረጥ ነው።

የነዳጅ መኪና ወደ አገር ሲገባ አንድ ግብር ብቻ አልነበረም የሚከፈልበት። መጀመሪያ የጉምሩክ ቀረጥ ነበር፤ ለቤት መኪና 35 በመቶ። በዚያ ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ይመጣ ነበር። በመኪናው ዋጋና በሁለቱ ድምር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰብ ነበር። በዚያ ሁሉ ላይ እንደገና 10 በመቶ ሱር ታክስ ነበር። ግብር በግብር ላይ እየተደረበ የሚሄድ ስሌት ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከመኪና መኪና የሚለያየው ኤክሳይዙ ነበር። እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ሕግ ሞተሩ እስከ 1300 ሲሲ ለሆነ መኪና 30 በመቶ፣ ከ1301 እስከ 1800 ለሆነው 60 በመቶ፣ ከ1800 በላይ ለሆነው 100 በመቶ ነበር።

ለማስላት እንዲቀለን ወደብ ሲደርስ 100 ብር ያወጣች መኪና አለች እንበል። ቀረጡ ሲጨመር 135 ትሆናለች። ትንሽ ሞተር ከሆነች 30 በመቶው ኤክሳይዝ ሲጨመር 175 ብር ከ50፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሲደረቡ ወደ 222 ብር ትደርሳለች። ሞተሯ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ያችው የ100 ብር መኪና ወደ 342 ብር ትደርሳለች። ወደብ ላይ እኩል የነበሩ ሁለት መኪናዎች ከጉምሩክ ሲወጡ በ120 ብር ገደማ ተለያዩ ማለት ነው።

አሁን ቪትዝን አስታውሱ። አንዷ ዓይነት ሞተሯ 1000 ሲሲ ገደማ ነው፤ ሌላዋ 1296። ከ1300 በአራት ሲሲ ብቻ ያነሰች ናት። ጃፓኖች ይህን ያደረጉት ለእኛ ሕግ ብለው አይደለም፤ የእኛ ሕግ ግን ከብዙ ሺህ ሞዴሎች ውስጥ እርሷን መርጦ አወጣት። ቪትዝ በዚያ ስሟ የምትሸጠው ጃፓን ውስጥ ብቻ ነበር፤ በብዙው ዓለም ስሟ ያሪስ ነበር። ጃፓን መሪ በቀኝ ስለሆነ እኛ አገር የገባችው ቪትዝ መሪዋ ወደ ግራ የተዛወረ ናት፤ ይህም ሥራ በአብዛኛው በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል ሲካሄድ የኖረ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ዳሽቦርዷ ተፈትቶ፣ መሪዋ ተነቅሎ ሌላ ቦታ የተገጠመላት መኪና በአዲስ አበባ የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ የመጀመሪያ ምርጫ ሆነች። ይህን «የሕዝብ ጣዕም» ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ሰው ከፊቱ ከተቀመጠለት ውስጥ ነው የሚመርጠው፤ ከፊቱ የሚቀመጠውን ደግሞ ሕግ ይወስነዋል።

በ2012 ዓ.ም. አዲሱ የኤክሳይዝ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ሲወጣ ይህ በግልጽ ታየ። አዋጁ አሮጌ መኪናን ለማስቀረት አስቦ የዕድሜ መለኪያ አስገባ። አዲስ ሆና ሞተሯ ከ1300 ሲሲ የማይበልጥ መኪና ኤክሳይዟ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለች ግን እንደ ሞተሯ መጠን እስከ 500 በመቶ ተጣለባት። በ100 ብራችን ስናሰላው አዲሷ ትንሽ መኪና 179 ብር ገደማ ትመጣለች፤ 500 በመቶ የተጣለባት አሮጌ ደግሞ 1025 ብር። የዱባይ ያገለገለ መኪና ንግድ በአንድ ሌሊት ትርጉም አጣ። ቀድመው የገቡት ቪትዞች ዋጋቸው ሰማይ ነካ። በክፍተቱ ደግሞ ከዚያ በፊት ብዙ ሰው የማያውቃት የሕንድ ሥሪት ሱዙኪ ዲዛየር ገባች። ሞተሯ 1197 ሲሲ፣ አዲስ፣ ቤንዚን ቆጣቢ፣ ሻንጣ የሚይዝ የኋላ ኮፈን ያላት። ራይድና ፈረስ በተባሉት በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ላይ የሚሠሩ ሾፌሮች ወዲያው አነሡአት። ብዙ ሾፌር ሲይዛት መለዋወጫዋ መጣ፤ መካኒኩ ለመዳት። ቶዮታ ለአሥርት ዓመታት የሄደበትን መንገድ ሱዙኪ በጥቂት ዓመታት ስትጨርሰው አየን።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካም ምርጫን የወለደው ብዙ ጊዜ ሕግና ነዳጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ ያ ሁሉ ርዝመት ያለው፣ ነዳጅ የሚጠጣ የአሜሪካ መኪና ሸክም ሆነ፤ ትንንሾቹ የጃፓን መኪኖች፣ ሲቪክና ኮሮላ፣ በየቤቱ ደጃፍ ታዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት የነዳጅ ቁጠባ ሕግ አወጣ። ሕጉ ለቤት መኪና ጠበቅ ሲል ለቀላል የጭነት መኪና ላላ አለ፤ ገበሬውንና ነጋዴውን ላለመጉዳት ታስቦ ነው። ፋብሪካዎቹ ግን በር አገኙ። በጭነት መኪና አካል ላይ የቤተሰብ መቀመጫ እየገጠሙ ከፍ ያለውን፣ ዛሬ ኤስ ዩ ቪ የምንለውን መኪና አበዙት። ገዢውም ከፍ ብሎ መቀመጡን፣ ሰፊ ጭነቱን ወደደው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2018 በሰሜን አሜሪካ ከሙስታንግ በቀር የተለመዱ የቤት መኪኖቹን መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ። ነዳጅ ቆጥቡ ብሎ የተጀመረ ሕግ በሌላ በር ትልቅ መኪና ወለደ። በዚያው አገር፣ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ታክሲ የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን ግን በተቃራኒው ሄደዋል። ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ለሚዞር ሰው የነዳጅ ወጪ ማለት የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ማለት ስለሆነ፣ ትልቁን ክራውን ቪክቶሪያ ትተው ነዳጅና ባትሪ አቀላቅሎ ወደሚሄደው ፕሪየስ ያለፉ ጥቂት አይደሉም።

ኖርዌይን ደግሞ ተመልከቱ። ያ አገር ራሱ ነዳጅ አምራች ነው። ለነዳጅ መኪና ከባድ ግብር አስከፍሎ የኤሌክትሪኩን ከግብር ነጻ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አሥር አዳዲስ መኪናዎች ዘጠኙ ገደማ የኤሌክትሪክ ነበሩ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሃያና ሠላሳ የትዕግሥት ዓመታት ግን አይረሱ፤ ቻርጅ ማድረጊያው፣ ጋራዡ፣ የሁለተኛ እጅ ገበያው አብሮ አድጓል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አገራችን እንመለስ፤ ምክንያቱም አሁን በፊታችን ያለው ለውጥ ከእስካሁኑ ሁሉ የከበደ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ተጣለበት፤ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ፤ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ምንም። ከቅድሙ ስሌታችን ጋር አስተያዩት፤ የ100 ብሯ መኪና በ115 ብር ወጣች። በ2016 ዓ.ም. ጥር ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። እንዲህ ያለ ክልከላ በማውጣት ኢትዮጵያ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚሁ ጊዜ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ እየተነሣ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረው ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ።

እና ጎዳናው ተለወጠ። ቢዋይዲ፣ የቮልስዋገን አይዲ ፎርና አይዲ ሲክስ፣ የቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ፣ ቻንጋን። ስሞቹን ከጥቂት ዓመታት በፊት ያልሰማ ልጅ ዛሬ በርቀት ይለያቸዋል። ሰባት ሰው የሚይዘው አይዲ ሲክስ ሰፊ ቤተሰብ ላለው ሰው ልብ የሚያማልል ነው፤ ሲፈበረክም ለቻይና ገበያ ብቻ ተብሎ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ለእኛ አገር የሚስማማበትን አንድ ነገር ብዙ ጊዜ አይነገርምና ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ቀጭን ነው። ቤንዚን ለመቃጠል አየር ይፈልጋል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ቪትዝ ሰው ሞልታ የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ የምታጓራው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያቃጥልም፤ ዳገቱን ምጽዋ ባሕር ዳር ያለ ያህል በሙሉ ጉልበቱ ይወጣዋል። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ኃይል አመንጪ ሆኖ ባትሪውን በከፊል ይሞላል፤ ፍሬኑም ይቆጠባል። ለተራራማ ከተማ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ኤሌክትሪኩም ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውኃ የሚመነጭ የራሳችን ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ዋዜማ፣ ጳጉሜን 4 ቀን የተመረቀው የዓባይ ግድብ ብቻውን 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

የዕለት ወጪውንም እናስላ። ቤንዚን የምትጠቀም ትንሽ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ብትፈጅ ከ700 ብር በላይ ነው። የኤሌክትሪኳ ለዚያው ርቀት 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ትፈልጋለች፤ አንዱን በ10 ብር ብናስበው እንኳ 160 ብር። የዘይት ቅያሪ የለም፤ ካንዴላ የለም፤ ፍሪሲዮን የለም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሾፌር ይህ ልዩነት ኑሮውን ይለውጠዋል።

ታዲያ ገዢው ለምን ያመነታል? ብዙ ሰዎች ያመነታሉና። መልሱ ዝግጅታችን ሲጀመር ያነሣነው ነው፦ የነገው ገዢ። ለቶዮታ የነገው ገዢ ይታወቃል። ለኤሌክትሪኳ ገና አልተወለደም። የመኪናዋ ትልቁ ዋጋ ያለው ባትሪዋ ውስጥ ነው፤ ባትሪ ደግሞ እንደ ሞተር ድምፁን ሰምተው፣ ጭሱን አይተው የሚፈርዱበት ዕቃ አይደለም። ደላላው የሃያ ዓመት ልምዱ እዚህ አይሠራለትም። መካኒኩም እንደዚሁ፤ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ያለበትን ዕቃ ሳይሠለጥኑ መንካት ሕይወት ያስከፍላል።

እኔ በግብር ቅናሹ አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ክልከላው ግን ጋራዡንና ቻርጅ ማድረጊያውን ቀድሞ መጣ፤ ሸክሙም የወደቀው በገዢው ላይ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ቦሌ ላይ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቷል፤ ሌሎችም እየተከተሉ ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ወይም ወደ ጎንደር ለሚጓዝ ሰው «መንገድ ላይ የት እሞላለሁ?» የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። የኮንዶሚኒየም ነዋሪም አለ፤ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ግቢ የቆመችውን መኪናውን በምን ገመድ ይሙላት? ለወደፊቱ የምንገነባቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች የመኪና ማቆሚያቸው የኤሌክትሪክ መስመር አብሮ እንዲዘረጋለት ዛሬውኑ ደንብ መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ። የቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ይህን ጥገና በስፋት ማስተማር አለባቸው፤ ሶማሌ ተራ ያደገው ማንም ሳያስተምረው ነው፤ ይህኛው ግን እንደዚያ ቢያድግ አደጋ አለው።

ለመግዛት ያሰባችሁ አድማጮች፣ ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ሻጩ «በአንድ ሙሌት 600 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ካላችሁ፣ ያ ብዙውን ጊዜ የቻይና የሙከራ መለኪያ ነው፤ ለስለስ ባለ አነዳድ የተለካ ስለሆነ በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ 100 እየረገጣችሁ አታገኙትም። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የቻርጅ ማድረጊያው ሶኬትም የቻይና ነው፤ በምታልፉበት መንገድ ያለው ጣቢያ ከእርሱ ጋር ይገጥም እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ስክሪኑ ቋንቋው ምን እንደሆነ፣ ሶፍትዌሩን ማን እንደሚያድስላችሁም ጠይቁ። የባትሪ ዋስትና አለ ሲሏችሁ ዋስትናው ኢትዮጵያ ውስጥ በማን ስም፣ በየትኛው ጋራዥ እንደሚፈጸም በጽሑፍ ይሁን።

ያገለገለች ከሆነ ከሁሉ በፊት ከሥሯ እዩ። ባትሪው የተነጠፈው ወለሉ ሥር ስለሆነ ድንጋይ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የመታት መኪና ላይዋ እንደ መስታወት ቢያበራም ሥሯ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ክሪክ ላይ ሰቅላችሁ የባትሪውን ሽፋን ፈትሹ። ቀጥሎ በመመርመሪያ መሣሪያ የባትሪው ጤና፣ ማለትም አዲስ ሳለ ከነበረው አቅም ስንት በመቶ እንደቀረው ይነበብ። ከተቻለም ከ80 በመቶ ጀምራችሁ እስከ 20 በመቶ በምታውቁት መንገድ ንዷት፤ የሄደችውን ኪሎ ሜትር ከመዘገባችሁ ስክሪኑ ከሚለው ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። የባትሪውንም ዓይነት እወቁ። በብረትና ፎስፌት የተሠራው አልፎ አልፎ እስከ 100 በመቶ ቢሞላ ይመረጣል፤ ኒኬል ያለበት ግን ለዕለት አገልግሎት 80 በመቶ አካባቢ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል።

የቤት መሙያ የምታስገቡም፣ መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ብዙ ኃይል ስለምትስብ ለቴሌቪዥን በተዘረጋ ቀጭን ገመድና ማራዘሚያ አትሙሏት። ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር፣ የራሱ መቁረጫና በትክክል መሬት የገባ ግራውንድ ያስፈልጋታል። ቆጣሪያችሁ አንድ ፌዝ ከሆነ ምን ያህል እንደሚችል ከመግዛታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ አገልግሎቱን ጠይቁ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ይህንኑ የቤት ውስጥ ዝርጋታ ጉዳይ በዝርዝር እናቀርባለን፤ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ አድማጮች በተለይ ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ላኩልን።